በኮራል አኳሪየም ውስጥ ካልሲየምንና አልካሊኒቲን ማመጣጠን

ድንጋያማ ኮራሎች የሚባሉት የባሕር እንስሳት አጽማቸውን የሚሠሩት ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካልሲየሙንም ካርቦኔቱንም የሚያገኙት ከሚኖሩበት ውሃ ነው። ባሕር ሰፊ ስለሆነ አይጎድልበትም። ኮራል በሞላበት 200 ሊትር ገንዳ ግን ጉድለቱ በቀናት ውስጥ ይታያል።

አልካሊኒቲ ማለት ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ አብዛኛው ከባይካርቦኔት ይመጣል። የተለመደው መለኪያ ዲኬኤች ይባላል። የባሕር ውሃ በሊትር 410 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየምና ወደ 7 ዲኬኤች አልካሊኒቲ አለው። በአኳሪየም ካልሲየምን ከ380 እስከ 450፣ አልካሊኒቲን ከ7 እስከ 11 ማቆየት የተለመደ ነው። ከፍ ያለው ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ንጥረ ምግብ በሳሳበት ውሃ ግን የኮራሉን ጫፍ ያቃጥላል ይባላል።

ሁለቱ የሚያልቁት ጥንድ ሆነው ነው። 20 ሚሊግራም ካልሲየም ሲሄድ 2.8 ዲኬኤች ይዞ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካልሲየም ከ420 ወደ 400 ቢወርድ ምንም አይመስልም። በዚያው ጊዜ ግን 8 የነበረው አልካሊኒቲ 5.2 ይሆናል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መለካት ያለበት አልካሊኒቲ ነው። የድሬዳዋ ሰው ይህን ጥንድ ያውቀዋል፤ ውሃ በፈላ ቁጥር ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው።

የጎደለውን ለመተካት አንጋፋው ዘዴ የኖራ ውሃ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ያስፋፋው ፒተር ቪልከንስ ነው። ጀርመንኛ ስሙ ካልክቫሰር እስካሁን በብዙ አገር ይጠራበታል። ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በውሃ ይበጠበጣል። በ1 ሊትር የሚሟሟው 1.5 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ከታች ይዘቅጣል። ላይ ያለው የጠራ ውሃ ብቻ በተነነው ውሃ ምትክ ጠብ ጠብ ይላል። ካልሲየምና አልካሊኒቲን በትክክለኛው ጥንድ ይሰጣል፣ ሌላ ጨው አያከማችም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በላይ ሲሆን አልካላይ ነው) 12 ስለሚያልፍ ግን በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ገንዳውን ይገድላል። ሌሊት ፒኤች ስለሚወርድ ያኔ ማንጠባጠቡ ይመረጣል። የግንባታ ኖራ ጭራሽ አይነካም።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ የኮራል ፍርስራሽ የሚያሟሟ ካልሲየም ሪአክተር የሚባል መሣሪያም አለ፤ ለትላልቅ ገንዳዎች ይሆናል።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሁለት ፈሳሽ ነው። አንዱ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ሌላው ሶዲየም ካርቦኔት ወይም ባይካርቦኔት። ሁለቱ አንድ ቦታ ከተገናኙ ውሃው ወተት ይመስላል። ስለዚህ በየተራ፣ ውሃው በደንብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ይጨመራሉ።

ሚዛኑ ከተዛባ የጎደለው ብቻውን ይስተካከላል፤ አልካሊኒቲም በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ከዚያ ወደ ጥንዱ ይመለሳል። የተጨመረው ሁሉ ግድግዳና ፓምፕ ላይ እየተጋገረ ቁጥሩ አልነሳ ካለ ማግኒዚየም ይለካ። ካልሲየምና ካርቦኔት ቶሎ ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ የሚከለክላቸው እሱ ነው፤ በባሕር ውሃ በሊትር 1,280 ሚሊግራም ገደማ ይገኛል።