ኮረምና አሸንጌ፦ ከተማው፣ እርሻውና የሞት ዘመኖቹ

ከአላማጣ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ግራካሕሱን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ዳገቱ ሲያልቅ ኮረም ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ብርዱ አይጣል ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜን በኩል መፍሰሻ የሌለው የአሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ ቁልቁል በራያ ሜዳ ማሽላና ጤፍ። ደገኛው ሁለት ዝናብ ይጠብቃል፤ በልግና ክረምት። አንዱ ከቀረ ዓመቱ ይከብዳል። ሁለቱም ከቀሩ አገር ይፈታል።

ኮረም በደርግ ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በኋላ በትግራይ ደቡባዊ ዞን ተካተተች። አሁን የአማራም የትግራይም ክልል የኔ ናት ይላሉ። እዚያ ክርክር ውስጥ አንገባም፤ ሐዘኑ የሁሉም ነው።

ስለ ጥንቱ ባጭሩ፦ በ1534 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሐይቁ አቅራቢያ፣ ወፍላ ላይ፣ የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር ንጉሡን ሊረዱ የመጡትን ፖርቱጋሎች ድል አደረገ። መሪያቸው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ተማርኮ ተገደለ።

ከ1880 እስከ 1884 የነበረው ክፉ ቀን የመላው አገር መከራ ነው። ጣሊያን በምጽዋ በኩል ካስገባው ከብት ጋር የመጣ በሽታ በሬውን ፈጀው። የበሽታው ስም «ደስታ» ነው። ማን እንዳወጣለት እንጃ! በሬ ሲያልቅ ሞፈር ተሰቀለ፤ ሰውም ረገፈ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የተሸነፈው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ያፈገፈገው በዚሁ በአሸንጌ ዳር ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡበት። ከማይጨው ጦርነት ይልቅ ሐይቁ ዳር ያለቀው ሰው ይበዛል የሚሉ አሉ። የአካባቢው ሰውም በሚያፈገፍገው ጦር ላይ ተኩሷል ይባላል። ጣሊያን ገንዘብና መሣሪያ ማከፋፈሉ እውነት ነው፤ ግን ጥቂቶች ባደረጉት አገሬውን በሙሉ መውቀስ ግፍ ነው።

የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ተደብቆ ከርሞ ለንጉሡ መውደቅ አንድ ምክንያት ሆነ።

ዓለም ኮረምን ያወቃት በ77ቱ ረሃብ ነው። የ1976 በልግ ቀረ፤ ክረምቱም ከዳ። ላዩ ላይ ጦርነት ነበር፤ እህል እንደ ልብ አይዘዋወርም። ገበሬው መጀመሪያ በጉን ሸጠ፣ ቀጥሎ በሬውን፣ በመጨረሻ የቤቱን ቆርቆሮና እንጨት። ከዚያ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም መጠለያ ወጣ። መንገድ ላይ የቀረው ብዙ ነው። የደረሰውም ሜዳ ላይ አደረ፤ የገደለው ረሃቡ ብቻ ሳይሆን ብርዱና ተስቦው ጭምር ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የሠሩት ዘገባ ለዓለም ታየ። በዘገባው መሠረት በየ20 ደቂቃው አንድ ሰው ይሞት ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1977 «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። (መሐመድ አሚን ራሱ በ1989 ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ።) በመላው አገሪቱ በረሃቡ የሞተውን አንዳንዱ 400 ሺህ፣ ሌላው አንድ ሚሊዮን ያደርሰዋል።

ሰፈራውም በዚያው ዘመን መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተወሰደ። መንግሥት በፈቃድ ነው አለ። ነገር ግን ከመጠለያ እየታፈሰ የተጫነ፣ ከሚስቱና ከልጁ የተለያየ ብዙ ነው። ይህን የተቃወመው የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ከአገር ተባረረ።

በዚህ አካባቢ ሞት የሚሸኘው በቅሬ ነው። ሌላው ዘንድ ዕድር የሚባለው መሆኑ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በቅሬው ይረዳዳል፤ አንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሌላው እንጨትና ውሃ ያቀርባል፣ የቀረ ይቀጣል። በ77 ግን መጠለያው ውስጥ ያለው ከየቀዬው የተበተነ ሰው ነው፤ ቅሬው አብሮት አልመጣም። ሟቹን ያጠበው፣ የገነዘውና ጉድጓድ የማሰው አጠገቡ ያደረ የማያውቀው ሰው ነው።