ኮሎኔሉ እንዴት «ምክትል ሌፍተናንት» ሆነ?

የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን የሕይወት ታሪክ ስታነቡ እንዲህ የሚል ነገር ያጋጥማችኋል፤ በኮሎኔልነት ጡረታ ወጣ፣ ከዚያ የካውንቲው (የአውራጃው እንደ ማለት ነው) «ምክትል ሌፍተናንት» ሆነ። ሌፍተናንት በጦር ሠራዊት መቶ አለቃ፣ ማለትም ከኮሎኔል በታች ነው። ምን አጥፍቶ ነው ማዕረጉን የገፈፉት ያስብላል።

ማንም አልገፈፈውም። ነገሩ የሹመት ስም እንጂ የጦር ማዕረግ አይደለም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ቦታ ያዥ» ነው፤ እኛ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቃል አለን፣ እንደራሴ። ሎርድ ሌፍተናንት ማለት በአንድ ካውንቲ የንጉሡ እንደራሴ ነው፣ ምክትሎቹን የሚሾመውም እሱ ራሱ ነው።

ግራ መጋባቱ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። ሹመቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲጀመር ሥራው የካውንቲውን ሚሊሻ ማደራጀትና ማዘዝ ነበር፤ ይህን ሥልጣን መንግሥት የወሰደበት በ1871 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ዋተርሉ ላይ ናፖሊዮንን ያሸነፈው የዌሊንግተን መስፍን እንኳ፣ ፊልድ ማርሻል ሆኖ ሳለ ከ1820 እስኪሞት እስከ 1852 የሃምፕሻየር ሎርድ ሌፍተናንት ነበር።

ዛሬ ሥራው ንጉሣውያንን መቀበል፣ ሜዳሊያ መስጠት፣ በጎ አድራጊዎችን ማበረታታት ነው። ደሞዝ የለውም። 75 ዓመት ሲሞላህ ትወርዳለህ።

ሃይ ሸሪፍ የሚባለው የካውንቲ ሹመት ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱም ያለ ደሞዝ የሚሠራ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሾም ነው። ሽጉጥ ታጥቆ ሌባ የሚያሳድደውን የአሜሪካውን ሸሪፍ እርሱት።