በደቡብ አፍሪካ ተበዳሪን የሚጠብቀው ሕግ

በደቡብ አፍሪካ ለሸማቾች የሚሰጥ ብድር የሚመራው በብሔራዊ የብድር ሕግ ነው። በ2005 ቁጥር 34 ሆኖ የወጣው ይህ ሕግ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በጁን 2007 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወለድን በመገደብ ብቻ አያበቃም። አበዳሪውንም «ገንዘቡን ከመስጠትህ በፊት ይህ ሰው መክፈል መቻሉን መርምረሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ከመከራ የተወለደ ነው። በ1992 መጨረሻ ከ6,000 ራንድ ያልበለጡ ብድሮች ከወለድ ጣሪያ ነፃ ተደረጉ። ባንክ ፊቱን ላዞረበት ሠራተኛ በር ተከፈተለት፤ አራጣውም በዚያው በር ገባ። ብዙ አበዳሪዎች የደንበኛውን የባንክ ካርድ ከነምሥጢር ቁጥሩ ይይዙ ስለነበር ደመወዙን ከባለቤቱ ቀድመው ያወጡት ነበር። አሁን ካርድንም ሆነ መታወቂያን በመያዣነት ማስቀረት ክልክል ነው።

ብድር ኃላፊነት የጎደለው የሚባለው አበዳሪው የተበዳሪውን አቅም ሳይመረምር ከሰጠ፣ ተበዳሪው የሚገባበትን ግዴታ አለመረዳቱ እየታየ ካስፈረመው፣ ወይም ብድሩ ራሱ ከአቅም በላይ ወደሆነ ዕዳ የሚከተው ከሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምክንያቶች ፍርድ ቤት ግዴታውን በከፊል ወይም በሙሉ ሊሽር ይችላል። በሦስተኛው ውሉን ሊያግድ ይችላል፤ እገዳው እስካለ ድረስ ወለድ አይታሰብም። ሆኖም ተበዳሪው ሌላ ዕዳውን ደብቆ ምርመራውን ካሳሳተ አበዳሪው ነፃ ይወጣል። ተቸግሮ የዋሸ ሰው ጋሻውን በገዛ እጁ ይጥላል ማለት ነው።

ሕጉ ከወጣ በኋላም የደመወዝ ቅነሳ ትእዛዝ፣ ማለትም አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ ቆርጦ ለአበዳሪው እንዲከፍል የሚያስገድደው ትእዛዝ፣ ብዙ ቤተሰብ አስርቧል። አበዳሪዎች ሠራተኛው ከሚኖርበት እጅግ ርቆ ከሚገኝ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ሳያየው፣ በጸሐፊ ፊርማ ብቻ ትእዛዝ ያወጡ ነበር። ዝቅተኛ ደመወዝተኞች በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ አገልግሎት ታግዘው ተከራከሩ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2016 ዳኛ መርምሮ ፍትሐዊነቱንና መጠኑን ሳያረጋግጥ ደመወዝ እንዳይቆረጥ ወሰነ። ቀጥሎ የወጣው ማሻሻያ ቅነሳው ከመሠረታዊ ደመወዝ 25 በመቶ እንዳያልፍ ደነገገ። ለእኔ ከሕጉ አንቀጾች ሁሉ ይልቅ የተበዳሪውን ኑሮ የለወጠው ይህ ፍርድ ነው።

አበዳሪዎችን የሚመዘግበውና የሚከሰው ብሔራዊ የብድር ተቆጣጣሪ ነው። ያለ ዋስትና በሚሰጥ ብድር ላይ የቆመው አፍሪካን ባንክ በኃላፊነት የለሽ አበዳሪነት ተከሶ በ2013 በስምምነት 20 ሚሊዮን ራንድ ከፈለ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ባንኩ ራሱ ወድቆ በባለአደራ አስተዳደር ሥር ገባ።

የዕዳ መጨመርም ልክ አለው። ተበዳሪው መክፈል ሲያቆም 4,000 ራንድ ዋና ገንዘብ ቀርቶበት ከነበረ፣ ክፍያው እንደተቋረጠ እስካለ ድረስ የሚደመረው ወለድና ወጪ በአጠቃላይ ከ4,000 ራንድ ሊበልጥ አይችልም።

ሕጉ የሚደክመው ማሾኒሳ በሚባሉት የሰፈር አራጣ አበዳሪዎች ዘንድ ነው። ያልተመዘገበ አበዳሪ ውል ሕገ ወጥ ቢሆንም፣ በሚቀጥለው ወር ዳግም ሊበደረው የሚሄድበትን ጎረቤቱን የሚከስ ተበዳሪ ጥቂት ነው።

ዕዳ የከበደው ሰው የተመዘገበ የዕዳ አማካሪ ዘንድ ቀርቦ ክፍያው እንደ ገቢው እንዲስተካከል ማመልከት ይችላል። አበዳሪው ውሉን በፍርድ ቤት ማስፈጸም ከጀመረ በኋላ ግን ያ ውል በማመልከቻው አይካተትም፤ ስለዚህ አበዳሪው ከመክሰሱ በፊት የሚልከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደደረሰ ወደ አማካሪው መሄድ ያስፈልጋል።