አይብ የሚያስፈራው የድባቴ መድኃኒት

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ገብታችሁ የድባቴ መድኃኒት ብትሉ፣ ባለሙያው ቶሎ የሚጠራላችሁ ፍሎክሰቲንን ወይም አሚትሪፕቲሊንን ነው። የኤምኤኦ አጋጆች የሚባሉትን የቆዩ የድባቴ መድኃኒቶች ስም የሚያነሳ ብዙም የለም። የድባቴ መድኃኒት ታሪክ ግን አንድ እግሩ እነሱ ጋ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሳንባ ነቀርሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ ሲ ቪው በሚባል ሆስፒታል የቲቢ ሕሙማን አይፕሮኒያዚድ የተባለ የኤምኤኦ አጋጅ ተሰጣቸው። ሳንባቸው ገና ሳይድን ፊታቸው ፈካ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ፣ አንዳንዶቹም በኮሪደሩ መጨፈር ጀመሩ ተባለ። በ1957 ናታን ክላይን የተባለ የአእምሮ ሐኪም መድኃኒቱ ለድባቴም እንደሚረዳ አሳወቀ። አይፕሮኒያዚድ ጉበት ስለሚጎዳ ብዙ አልቆየም። የዚሁ ወገን የሆኑት ፌኔልዚንና ትራኒልሳይፕሮሚን ግን ዛሬም አሉ፤ በተለይ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሴሮቶኒን፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት ያደርሳሉ። ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ፣ ባጭሩ ኤምኤኦ፣ እነሱን እየሰባበረ የሚጠርግ ኢንዛይም ነው። ፍሎክሰቲን ሴሮቶኒን ወደ ወጣበት ሴል ተመልሶ እንዳይገባ በሩን ይዘጋል። የኤምኤኦ አጋጆች ግን ጠራጊውን ራሱን ያስሩታል። እንደ ፌኔልዚን ያሉት የቀድሞዎቹ ደግሞ አንዴ ካሰሩት አይለቁትም። ሰውነት አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ሌላ ለመጀመር 14 ቀን ይጠብቃል። ከፍሎክሰቲን ወደነሱ ለመዞር ደግሞ 5 ሳምንት ነው።

ጣጣው ያለው ወጥ ቤት ነው። ይኸው ኢንዛይም አንጀትና ጉበት ውስጥም ይሠራል፤ በቆዩና በፈሉ ምግቦች ውስጥ ያለውን ታይራሚን እዚያው ያከሽፈዋል። ኢንዛይሙ ከታሰረ ታይራሚኑ ደም ውስጥ ይገባል፣ ግፊት በድንገት ይተኮሳል፣ ጭንቅላት ይፈነዳል የሚያሰኝ ራስ ምታት ይመጣል። ሲብስ አንጎል ውስጥ ደም ይፈሳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ እንግሊዛዊ ፋርማሲስት ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱን የምትወስድ ሚስቱ አይብ በበላች ቁጥር እንዲህ ስትሆን አስተውሎ ነበር። ባሪ ብላክዌል የተባለ ወጣት ሐኪም ነገሩን ተከታትሎ በ1963 ይፋ አደረገው።

እዚህ እኛ ጋ ሲመጣስ? ክትፎ ቤት የሚቀርበው ትኩስ አይብ ያን ያህል አያሰጋም፤ የሚፈራው የከረመው ነው። ፒያሳ ቁጭ ብሎ አንድ ድራፍት ማለት ግን ክልክል ነው። ጠላና ጠጅም ቤት ውስጥ የፈሉ፣ ያልተጣሩ ናቸውና እኔ ብሆን አልነካቸውም። የባቄላ እሸት ከነልጣጩ ይቅር። ጫት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ግፊት ስለሚያንር ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር በፍጹም አይገናኝም። ትራማዶልና አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖችም እንደዚያው። «የጉንፋን ስጪኝ» ብሎ ከፍሎ ለሚወጣ ሰው ማን ነው ሌላ ምን እንደሚወስድ የሚጠይቀው?

የሚገርመው፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ቲቢ ጋ ይመለሳል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ እኛም አገር የሚታዘዘው ሊኒዞሊድ በደካማው ኤምኤኦን ያግዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ሊከማች ስለሚችል፣ ፍሎክሰቲን እየዋጠ ሊኒዞሊድ የተጻፈለት ሰው የፍሎክሰቲኑን ነገር ለቲቢ ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን መናገር አለበት።