መልሶ ማቋቋም ምንድን ነው? ወታደር ሲቪል ሲሆን

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ዘበኛ ነበሩ። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚያውቃቸው "ሃምሳ አለቃ" እያለ ነው። እድር ላይ ሃምሳ አለቃ፣ ጠበል ጠዲቅ ላይ ሃምሳ አለቃ፣ ባለሱቁ የዱቤ መዝገብ ላይ ሃምሳ አለቃ። የነበሩበት ሠራዊት ከፈረሰ ስንት ዓመት ሆኖታል። ማዕረጉ ግን አልፈረሰም።

አንድ ቀን "ከሠራዊት ሲወጡ ምን ሰጡዎት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ወረቀት" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

መልሶ ማቋቋም የሚባለው ከዚያ ወረቀት በኋላ መምጣት ያለበት ነገር ነው። ዜና ላይ "የቀድሞ ተዋጊዎች" ሲባል ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይነሳሉ። ትጥቅ መፍታት፣ ከሠራዊት መሰናበት፣ መልሶ መቋቋም። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት "ዲዲአር" የሚሉትም አሉ። የመጀመሪያው መሣሪያውን ማስረከብ ነው። ሁለተኛው ተመዝግቦ፣ መታወቂያና መሸኛ ይዞ መውጣት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ደግሞ የመሸጋገሪያ ድጋፍ አለ፤ የመንገድ፣ የቀለብ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ገንዘብ። እነዚህ ሁሉ የሚቆጠሩ ነገሮች ናቸው። ስንት ክላሽ ገባ፣ ስንት ሰው ተመዘገበ ተብሎ መግለጫ ይሰጥባቸዋል።

ሦስተኛው አይቆጠርም። አንድ ሰው "ተቋቋመ" የሚባለው መቼ ነው? ሥራ ሲያገኝ? ሲያገባ? እድር ሲገባ? ሌሊት በላብ ተጠምቆ መንቃቱን ሲተው?

ስለ ቃሉም ትንሽ ልበል። በእኛ አገር መልሶ ማቋቋምና "ተሃድሶ" ይቀላቀላሉ። ተሃድሶ ከግዕዝ የመጣ ጥሩ ቃል ነበር፤ መታደስ ማለት ነው። ግን ብዙ ቦታ ዋለ። በ1983 የተሸነፈው ሠራዊት አባላት እንደ ታጠቅና ጦላይ ባሉ ካምፖች ገብተው የፖለቲካ ትምህርት ሲወስዱ ስሙ ተሃድሶ ነበር። በ2009 ኢሕአዴግ "ጥልቅ ተሃድሶ" አለ። በዚያው ዓመት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታሰሩ ወጣቶች "አይደገምም" የሚል ቲሸርት ለብሰው ከካምፕ ሲወጡም ተሃድሶ ተብሏል። ስለዚህ ዛሬ አንድ የቀድሞ ተዋጊ "ተሃድሶ ትገባለህ" ሲባል ጆሮው የሚሰማው ድጋፍ ላይሆን ይችላል። "ጥፋተኛ ነህ፣ ትታረማለህ" ብሎ ሊሰማው ይችላል። ለዚህ ነው እኔ በበኩሌ "መልሶ ማቋቋም" የሚለውን የምመርጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ አገር ወታደርን መልሶ ማቋቋም ለረጅም ጊዜ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። መሬት።

በአፄ ምኒልክ ጊዜ ወደ ደቡብ የዘመተው ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። የሚኖረው በተመደቡለት ገባሮች፣ ማለትም በሚገብሩለት ገበሬዎች፣ እና ለአገልግሎቱ በሚሰጠው ማደሪያ መሬት ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላም አርበኞች፣ ስደተኞችና ወታደሮች የመሬት ስጦታ እንዲያገኙ ታዘዘ። የስጦታው መለኪያ ጋሻ ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ለተቀባዩ ቆንጆ ጡረታ ነው። ችግሩ መሬቱ ባዶ አለመሆኑ ነው። ሰው ነበረበት። አንዱን ወታደር ማቋቋም ሌላውን ገበሬ ጭሰኛ ማድረግ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬም ድረስ ፖለቲካችን ውስጥ የሚነድ ቂም አንዱ ምንጩ ይሄ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ተባለ። መሬቱን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ሆነ። ይህ አዋጅ ከ16 ዓመት በኋላ ማንም ባላሰበው መንገድ ወታደሮችን ጠቀመ።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከሰሃራ በታች ካሉት ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱ ተበተነ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው። ወደ ሱዳን፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ኬንያ የሸሸው ብዙ ነው። የባሕር ኃይሉ መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ደረሱ። በመንገድ ላይ በባዶ እግሩ፣ ጥይት በሌለው ወገቡ፣ ዳቦ እየለመነ የሚጓዘውን ወታደር ያየ ሰው ዛሬም አይረሳውም። ያ ሁሉ ጦርነት የሚያውቅ ሰው ሽፍታ ቢሆንስ? ስጋቱ ይሄ ነበር።

ሽፍትነቱ የተፈራውን ያህል አልሆነም። ለምን?

አንደኛ፣ ብዙዎቹ ወታደሮች ወታደር መሆን ፈልገው አልሄዱም። በብሔራዊ ውትድርና ኮታ ከእርሻ የታፈሱ ገበሬዎች ነበሩ። ኮታውን የሞላው የገበሬ ማኅበሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲመለስ መንደሩ "የደርግ ወታደር" ብሎ አልሸሸውም። "የታፈሰው ልጃችን መጣ" አለ። ሁለተኛ፣ መሬት ነበረ፤ ወይም የአባቱ ማሳ፣ ወይም ከማኅበሩ የሚቆረስ ቁራሽ። ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው ኮሚሽንም በለጋሾች እርዳታ ቀለብ፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ለአንዳንዱም በሬ ሰጠ። በሬ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ ሰው እኩል ይሰጣል እንጂ ራሱ አያርስም።

ከተማ የገባው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በተለይ ዕድሜውን ሙሉ ወታደር የነበረው። ሃምሳ አለቃ እዚህ ውስጥ ናቸው። ጦር ሰፈር ውስጥ ልብስ ይታደላል፣ ወጥ ቤት አለ፣ ፊሽካ ሲነፋ ትነሳለህ። ጨው ገዝቶ የማያውቅ የአርባ ዓመት ሰው ብዙ ነበር። ወታደር ቤት "ሲቪል" የሚለው ቃል እንደ ስድብም ይነገራል፤ ዝርክርክ፣ ሥነ ሥርዓት የሌለው ማለት ነው። አሁን እሱ ራሱ ሲቪል ሆነ። ሥልጠናና ብድር ያገኙ አሉ። ቀድሞ መሥሪያ ቤት የነበራቸው ወደ ሥራቸው የተመለሱም አሉ። የቀረው ወይ ዘበኛ ሆነ፣ ወይ ተሸካሚ፣ ወይ በካኪ ልብሱ ትራፊክ መብራት ላይ ቆመ። ያኔ በአዲስ አበባ የሚለምኑትን የቀድሞ ወታደሮች የማያስታውስ የኔ ዕድሜ ሰው የለም።

አሸናፊውም ወገን ቢሆን አልቀለለውም። ከታጋዮቹ ውስጥ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ሜዳ ላይ ሱሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አሳጥረው፣ መትረየስ ተሸክመው፣ ወንዱን አዝዘው የኖሩ። ወደ ቤት ሲመለሱ "ፀጉርሽን አሳድጊ፣ ወጥ ሥሪ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ" የሚል ኑሮ ጠበቃቸው። ሜዳ ላይ የተጋቡ ብዙዎች ተፋቱ። ባልየው አንዳንዴ ቤተሰቡ የመረጠለትን፣ ሜዳ ያልነካትን ልጅ አገባ። ይህን የትኛው ፕሮግራም ይተካዋል? ለሷ የልብስ ስፌት ሥልጠና ነበር የሚቀርብላት። ሻለቃ የመራችን ሴት ስፌት ልናስተምራት።

ከዚያ ደግሞ የሚገርም ነገር መጣ። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳ። "በቃችሁ" ተብለው የተሸኙት የደርግ ወታደሮች፣ አብራሪዎች፣ መድፈኞች ተጠሩ። ሄዱም። ጦርነቱ ሲያበቃ ከ1993 ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር እንደገና ተሰናበተ። ሁለት ጊዜ የተሰናበተ ሰው አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከመሬቱም ከገንዘቡም ይከብዳልና። ወታደሩ መንደሩ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ሥራ መፈለግ አይደለም። ለቅሶ መድረስ ነው። እሱ በሌለበት የሞቱ ሰዎች አሉ። አክስቱ፣ ጎረቤቱ፣ የክርስትና አባቱ። ቤት ለቤት እየዞረ ያለቅሳል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ እናቶች ወደሱ ይመጣሉ። ፎቶ ይዘው። "ልጄን አላየኸውም? አንድ ክፍለ ጦር ነበራችሁ ይባላል።" አንዳንዴ አይቶታል። እንዴት እንደሞተም አይቷል። ግን መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ መርዶ ወግ አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ ሰዓት አለው። ስለዚህ "አላየሁትም" ይላል። እናትየዋ ተስፋ ይዛ ትሄዳለች፤ እሱ ውሸቱን ይዞ ይቀራል። በትግራይ ጦርነቱ በፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከቆመ በኋላ የሞቱት ታጋዮች መርዶ ለቤተሰብ የተነገረው በጥቅምት 2016 ነው፤ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር ሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። እስከዚያ ድረስ በሕይወት የተመለሰው ልጅ መንገድ ላይ እናቶችን ሲያይ ምን ያደርግ እንደነበር አስቡት።

ለዚህ ዓይነቱ ሸክም ሐኪም አለ ወይ? አገሪቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥላ የኖረች ናት። ገጠር ውስጥ ደግሞ ጠበል አለ። ጠበል የሚሄደውን አልነቅፍም። ሰው ተሰብስቦ አብሮት የሚያድርበት፣ "ምን ሆነህ ነው?" የሚባልበት ቦታ ነውና። ሆኖም እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ በር ሲዘጋ መሬት የሚተኛ ልጅ ሐኪምም ያስፈልገዋል።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም፣ ቀላል መሣሪያን ጨምሮ ትጥቅ ማስፈታቱ በ30 ቀን ያልቃል የሚል ቃል ነበረበት። 30 ቀን። ይህን የጻፈ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በሰባት ክልሎች ያሉ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን እንደሚመለከት ገለጸ። በትግራይ ሥራው በይፋ የተጀመረው በህዳር 2017 ነው። ሁለት ዓመት አልፎ። በመጀመሪያው ዙር 75 ሺህ ሰው ታቀደ። ተዋጊው ማዕከል ይገባል፣ ይመዘገባል፣ አጭር ሥልጠና ይወስዳል፣ የመሸጋገሪያ ገንዘብ ይዞ ይወጣል።

ከዚያስ? እዚህ ላይ ነው የድሮው መልስ የማይሠራው። የ1983ቱ ወታደር ቢያንስ የሚጠይቀው መሬት ነበረው። አሁን ግን ትግራይ ውስጥ የመሬት ሽግሽግ ከቆመ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ አማራ ክልልም የመጨረሻው ትልቅ ክፍፍል በ1989 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ የሚደርሰው ከአባቱ ማሳ ላይ የሚቆረሰው ነው፤ እሱም ለአምስት ወንድምና እህት ይካፈላል። ከተዋጊዎቹ ብዙዎቹም ገበሬ አልነበሩም። ተማሪ፣ መምህር፣ ነርስ፣ የባጃጅ ሹፌር ነበሩ። ለዚህ ሰው በሬ ብትሰጠው ምን ያደርገዋል?

ስለዚህ ዛሬ መልሶ ማቋቋም ማለት እንደየሰው መለየት አለበት። እግሩን ላጣው ሰው ሰው ሠራሽ እግር፣ እሱም ሲያረጅ የሚቀየር። ነጋዴ ለነበረው መነሻ ብር፣ ግን ገበያው ከተመለሰ ብቻ፤ ባንክ በተዘጋበት፣ መንገድ በተቆረጠበት ከተማ ብድር እዳ ነው። መምህር ለነበረው ያልተከፈለ ደመወዙና ወንበሩ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን አቋርጦ የሄደው ልጅ ደግሞ አለ። አሁን 26 ዓመቱ ነው። ከሱ አምስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ክፍል ሊገባ ነው። ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ጀርባውን ለበር መስጠት አይወድም። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ወረፋ ይዞ የሚጠይቀው መሬትም ብርም አይደለም።

"ትራንስክሪፕቴ ተርፏል?"