በጎጃም የበጎ ፈቃድ አሠልጣኞች የእርስ በርስ መማማር

በጎጃም ከተሞች የሰፈር ታዳጊዎችን ከሚያሠለጥኑት ብዙዎቹ ደመወዝ የላቸውም። የጤሰማ (የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ) መምህር አለ፣ ድሮ ለወረዳው የተጫወተ አለ፣ ለክረምት ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪም አለ። ቡድናቸው “ፕሮጀክት” ይባላል፣ እነሱን ደግሞ ልጆቹ “ኮች” ይሏቸዋል። ኳሱ አንድ ወይ ሁለት ነው። ኮን ከሌለ ባዶ ሃይላንድ ይደረደራል። ሥራውን የሚማሩት በአብዛኛው ከሌላ ኮች ነው።

መደበኛው መንገድ የለም ማለት አይደለም። በእግር ኳስ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሠልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ተነስቶ በሲ እና በቢ አድርጎ ኤ ይደርሳል። በአትሌቲክስም የዓለም አትሌቲክስ የራሱ የአሠልጣኝ ደረጃዎች አሉት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው። ችግሩ የኮርሱ ቦታ ውስን መሆኑ ነው። ከሞጣ ወይም ከብቸና ሄዶ ለመሠልጠን ትራንስፖርት፣ አልጋና የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕድሉን ያገኘው ይሄዳል፣ ሲመለስ ለሌሎቹ ያካፍላል። ደብተሩ ፎቶ ኮፒ ይደረግና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ደብተር ብቻውን ግን ኮች አያወጣም። የተሻለው መንገድ የወንፈል ዓይነት ነው፤ ዛሬ እኔ ያንተ ሜዳ እመጣለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንተ የእኔ ሜዳ ትመጣለህ። እንግዳው ኮች ጥግ ይዞ ያያል። በልምምዱ መሀል አይገባም። ልጆቹ ፊት ኮችን ማረም ነውር ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማዋል? ወሬው የሚጀመረው ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ፣ ሻይ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ዕድሜ ጣጣ ያመጣል። ኮርስ የወሰደው ብዙ ጊዜ ወጣቱ ነው፣ ልምድ ያለው ደግሞ ጋሼ ነው። ወጣቱ “ተሳስተዋል” አይልም። ዘዴ የሚያውቀው በጥያቄ ይመጣል፦ “ጋሼ፣ ይቺን ልምምድ መጀመሪያ ላይ ያደረጓት ለምንድን ነው?” አንዳንዴ ጋሼ ጥሩ ምክንያት ይኖራቸዋል፣ ወጣቱም ይማራል። አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይላሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልምምዷ ቦታዋን ቀይራ ትገኛለች። በእኔ አስተያየት ከብዙ ስብሰባ ይቺ ትበልጣለች።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ዕቃም አይፈልግም ማለት ይቻላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ የታተመ ትልቅ ጥናት ጉዳትን በሲሶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለድሃ ፕሮጀክት የተሠራ ይመስላል። ከእንቅስቃሴዎቹ አንዱ የኋላ ጭንን ያጠነክራል። ልጁ ሣር ላይ ይንበረከካል። ጓደኛው ከኋላ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዛል። ልጁ ከጉልበቱ እስከ ራሱ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል፣ መቋቋም ሲያቅተው በእጁ ያርፋል። የተለመደው ስህተት ወገብ ላይ መታጠፍ ነው። ሲታጠፍ ይቀላል፣ ጥቅሙም ይቀንሳል። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚቆጥረው ኮች ይህ አይታየውም። ጎን ላይ የቆመው እንግዳ ግን ወዲያው ያየዋል።

መማማር ስህተትንም ያዛምታል። ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ውሸት ይሆናል። ግብ ጠባቂው ከግብ ክልሉ የሚጀምራት ኳስ ድሮ ከቅጣት ምት ክልል ካልወጣች አትቆጠርም ነበር። ሕጉ በ2019 እ.ኤ.አ. ተቀይሯል፤ አሁን ኳሷ ተመትታ እንደተንቀሳቀሰች ጨዋታው ይጀመራል፣ ተከላካዩም እዚያው ክልሉ ውስጥ መቀበል ይችላል። ሁሉም ኮች ከአንድ ጋሼ የተማረበት አካባቢ ግን አሮጌው ሕግ ዓመታት ይቆያል። “በልምምድ መሀል ውሃ አይጠጣም” የሚለውም እንዲሁ ነው። ውሃ መከልከል ልጁን ያደክመዋል እንጂ አያጠነክረውም። ከሁሉም የሚከፋው ራሱን ተመትቶ የዞረበትን ልጅ “አይዞህ፣ ወንድ ነህ” ብሎ መመለስ ነው። አንጎሉ ተነቅንቋል ተብሎ የሚጠረጠር ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። አለቀ።

ለዚህ መድኃኒቱ የውጭ ሰው ነው። የሌላ ከተማ ኮች፣ ዳኛ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፤ ማንም ይሁን፣ ብቻ ከዚያው ክበብ ያልሆነ አንድ ሰው ይጠራ።

ከባለሙያ ወደ ጀማሪ በማየት መማር በጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፣ ጥር 23 ቀንም በእንጅባራ በዓሉ ይከበራል። ፈረስ ግልቢያን ማንም በሰርተፊኬት አልተማረውም።

የሴቶች ቡድን ጉዳይ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ሴት ኮች ጥቂት ናት። ጥግ ይዛ የምታየው ሌላ ሴት ኮች ማግኘት ደግሞ የባሰ ከባድ ነው፤ ስለዚህ መማማሩ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ጋር ይሆናል። የወር አበባን፣ የልብስንና ወላጅን የማሳመንን ጉዳይ ግን እነሱ ጋር ማንሳት ይከብዳል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የአንዱ ኮች ወደ ሌላው ሜዳ መሄድ እንደ ድሮው አልሆነም። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔትም ይጠፋል። ኔትወርክ ሲመለስ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላካል። ቪዲዮ ለሚልክ ኮች የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። ወገብን ለማየት ከጎን ይቅረጹ። ልጁ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ መግባቱን ለማየት ደግሞ ከፊት ይቅረጹ። አንድ ልጅ፣ አንድ እንቅስቃሴ፣ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ፤ ፋይሉ ከከበደ በደካማ ኔትወርክ አያልፍም።