የወሎ ሴተኛ አዳሪዎችና የኤችአይቪ መከላከያ ሙከራ

የኤችአይቪ መከላከያ ሙከራ ቫይረሱ በደማቸው የሌለ ሰዎች አዲስ ክኒን፣ መርፌ፣ ጄል ወይም ክትባት እየወሰዱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ክትትል የሚደረግላቸው ጥናት ነው። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ቶሎ የሚታወቀው ቫይረሱ በብዛት በሚገኝበት ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ከሁሉ በፊት ከሚያስቧቸው መካከል ሴተኛ አዳሪዎች ናቸው። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአዋቂዎች ቫይረሱ ያለባቸው 0.9 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በከተሞች በሴተኛ አዳሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ቁጥሩን 20 ከመቶ አካባቢ ያደርሱታል።

ወሎ ለእንዲህ ያለ ጥናት የሚታጨው በመንገዱ ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። ከኮምቦልቻ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መስመር ይወርዳል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ሾፌርና ረዳት፣ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ በሚያድርበት ቡና ቤቱም አረቄ ቤቱም አይጠፋም።

«ብንጠራሽ ትገቢያለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «አዎ» የምትል ሴት ብዙ ናት። ይህ «አዎ» ብቻውን ብዙም አይመዝንም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ወደ 5 ሺህ ሴቶች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በታወቀው ሙከራ አብዛኞቹ መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ቢናገሩም፣ ደማቸው ሲመረመር መድኃኒቱ የተገኘባቸው ከሲሶ በታች ነበሩ። ሴቶቹ ዋሹ ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ይልቅ ክኒኑ የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይሻላል።

ከቡና ቤት ጓሮ ያለች ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ሳፋና አንድ ሻንጣ ብትይዝ ነው። መከላከያው ክኒን የተሠራባቸው መድኃኒቶች ቫይረሱ ያለባቸውን ለማከምም ያገለግላሉ፤ ብልቃጡም ያው ነው። ደንበኛ ወይም የቤቱ ባለቤት ካየው «መድኃኒት ጀምራለች» የሚለው ወሬ እስከ ማታ ሰፈሩን ያዳርሳል። መርፌ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም። የእርግዝና መከላከያ መርፌ በኢትዮጵያ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ በላይ የተለመደ ስለሆነ በየጊዜው ተወግቶ መሄድ ማንንም አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው ጥናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ሌናካፓቪር የተባለ የኤችአይቪ መከላከያ መርፌ ከወሰዱ 2,134 የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ወጣት ሴቶች አንዷም በቫይረሱ አልተያዘችም።

ክትባት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ምክንያቱ ደግሞ ዐረብ አገር ነው። ከወሎ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ቡና ቤት ከሚሠሩትም ከዚያ የተመለሱ ወይም ለመሄድ ብር የሚያጠራቅሙ አይጠፉም። ለጉዞው የደም ምርመራ ግዴታ ነው፤ ኤችአይቪ የተገኘባት አታልፍም። የሙከራ ክትባት የወሰደች ሴት ግን ሰውነቷ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል የተለመደውን ምርመራ ሊያሳስተው ይችላል፤ ቫይረሱ ሳይኖርባት «አለባት» ይላል። ልዩነቱን የሚለየው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ ነው። አጥኚዎች ይህን የሚያስረዳ ካርድ ይሰጣሉ፤ ካርዱን የኤጀንሲው ሐኪም ቤት ይቀበለው እንደሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ በስምምነት ቅጹ መጨረሻ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ለወሎዋ ሴት ከራስ ምታትና ከማቅለሽለሽ በፊት ሊነገራት ይገባል።

ቀጠሮ ያለፈባትን ተሳታፊ ቤቷ ሄዶ መፈለግ የሙከራ ደንብ ነው። ሥራዋን ከቤተሰብ ሸሽጋ ለምትኖር ሴት ይህ ከባድ ነው፤ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው በሯን አንኳኩቶ ከሄደ ወሬው ቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) ድረስ ይዘልቃል። በአቻዎቿ በኩል መፈለግ ይሻላል። ቀጠሮውም ከሰዓት ቢሆን፤ ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ጠዋት ትተኛለች።

ሴተኛ አዳሪዎች በእንዲህ ያለ ሙከራ ላይ የሚያድርባቸው ጥርጣሬ ያለ ታሪክ አልመጣም። ኖኖክሲኖል 9 የተባለው ጄል ከቤኒን እስከ ታይላንድ በሴተኛ አዳሪዎች ላይ ሲሞከር፣ አዘውትረው የተጠቀሙት ይበልጥ ለቫይረሱ መጋለጣቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ተነገረ። በካምቦዲያ የመከላከያ ክኒን ሊሞከር ሲል ሴቶቹ ተደራጅተው «ጉዳት ቢደርስብን ማን ያክመናል?» ብለው የረጅም ዘመን የጤና ዋስትና ጠየቁ፤ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2004 በመንግሥት ትእዛዝ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በካሜሩን ዱዋላ የነበረውም ታገደ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ በአሁኑ የሙከራ ሥነ ምግባር መመሪያ ለተጎዳ ሕክምና፣ በጥናቱ መሐል በቫይረሱ ለተያዘም የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እንዲያገኝ ማድረግ ግዴታ ነው።

በወሎ ሌላም ጥያቄ አለ፤ መንገድ ሲዘጋ ምን ይደረጋል? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሕዝቡ ተሰደደ፣ ጤና ተቋማት ተዘረፉ። ረጅም ጊዜ የሚሠራ መርፌ ሲቋረጥ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ በወራት ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ለመከላከል አይበቃም፤ ሴትየዋ ብትያዝ ግን ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በደሴ የሚዘጋጅ ቅጽ ቀጣዩ መርፌ ቢቀር ክኒኑን ከየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በምን መታወቂያ እንደምትወስድ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።